አባይ ብለን ለቀበርነው ልጅ እናት

ውድ እናቴ፣

ስምዎን አላውቀውም። አገርዎንም አላውቀውም። የማውቀው የበሬዎን ስም ብቻ ነው፤ ዳምጠው ይባላል፣ ግራ ቀንዱ ሰባራ ነው። ደጅዎ ላይ እንዲህ ያለ በሬ ከሌለ ይህ ወረቀት የእርስዎ አይደለምና እፎይ ይበሉ። ካለ ግን፣ እናቴ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ማንበብ ካልቻሉም ቁጭ ብለው ያስነብቡት።

ባሕር ዳር ግንበኛ ዘንድ ገብቷል ብለው የሚያስቡት ልጅዎ ባሕር ዳር አልሄደም። መተማ ወርዶ ነበር፣ ለሰሊጥ አጨዳ። ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ ወባ በሦስት ቀኑ ገደለው። ይህን በለዘበ ቃል ልጻፈው ብዬ አምስት ወረቀት ቀድጃለሁ። የለዘበ ቃል አጣሁለት።

እኔ አንዱዓለም እባላለሁ፤ ከሽንፋ ወዲያ ባለ አንድ እርሻ የሠራተኛ መዝጋቢ ነኝ። እዚህ ሰው በእውነተኛ ስሙ አይጠራም። ከሸሕዲ ከተማ ተጭኖ ሲመጣ አንዱ ጎጃሜው ነው፣ አንዱ ወሎዬው፣ አንዱ ቀይ ሸሚዝ። ከቤቱ ተደብቆ የመጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፤ በካምፑ የፈለጋችሁትን ተባሉ፣ ለእኔ ግን እውነተኛ ስማችሁን፣ የክርስትና ስማችሁን፣ የእናታችሁን ስምና ቀበሌያችሁን በጆሮዬ ንገሩኝ፣ ክፉ ቀን አይታወቅም አልኩ። ድሮ በደብተር ነበር የምይዘው፤ አምና ምስጥ በላው። ባለ እርሻው ከድንበር ማዶ የመጣ አሮጌ ላፕቶፕ ሲሰጠኝ "እስቲ ይህን ምስጥ ይብላው!" ብዬ ፎከርኩ። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው።

ልጅዎ የመጣው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። መታወቂያ አልያዘም፤ ስልኩንም ለመሳፈሪያ ጎንደር ሸጦታል። "አባይ በለኝ" አለኝ። "እናቴ፣ ቆላ ወንድምህን በልቶብኛል፣ አንተን አልደግምለትም ብላ አስምላኛለች፤ ባሕር ዳር ግንበኛ ዘንድ እገባለሁ ብያት ነው የወጣሁት። ስሜ ከተጠራ ያገር ሰው ሰምቶ ይነግርብኛል።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ እውነተኛ ስሙን ነገረኝ፤ የእርስዎንም። ጻፍኩት። በዚያን ቀን መቶ አርባ ሰው ጽፌያለሁ። በገዛ ጣቶቼ የጻፍኩት ስም ነው፣ ግን አላስታውሰውም! የተሸከምኩት ጭንቅላት አይደለም፣ ቅል ነው።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። በዚህ አገር ሙቀት ላፕቶፑ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ማራገቢያው ሲጮህ ጆሮ ይበጥሳል። እኛ ቆለኞች የመጠጥ ውኃ የምናቀዘቅዘው ጀሪካኑን እርጥብ ጆንያ አልብሰን ጥላ ሥር በማንጠልጠል ነው። እኔም የሽንፋው ብልጥ፣ ጀሪካን ያቀዘቀዘ ጆንያ ላፕቶፕ ምን ያቅተዋል ብዬ፣ ሥራ በጨረስኩ ቁጥር በእርጥብ ጆንያ እየጠቀለልኩ አስቀመጥኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ስነካው ቀዝቀዝ ሲልልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥቅምት ሃያ ላይ አልነሣም አለ። ስከፍተው መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ነቅዬ ሰካሁት። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩት። መክፈቻውን ተጭኜ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። ገና ሲነሣ ቶሎ የሚጫኑት፣ ወደ ሴትአፕ፣ ወደ ውስጥ ማስተካከያው፣ የሚያስገባ ቁልፍ አለው፤ የቁልፎቹ ጽሑፍ ስለጠፋ የላይኛውን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ሞከርኩት። ያው ጥቁር ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቅዳሜ ሸሕዲ ገበያ ስወጣ በድብቅ አሠራዋለሁ፣ ማን ያውቅብኛል አልኩ።

ቅዳሜ ሳይደርስ አባይ ታመመ። ያለንን ኪኒን ሰጠነው፤ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ትራክተር ተበላሽቶ ቆሟል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ትኩሳቱ ተወት አደረገው። ውኃ ላጠጣው ጎንበስ ስል እጄን ያዘኝ።

"አንዱዬ፣ ስሜን ይዘኸዋል አይደል?"

"ይዤዋለሁ" አልኩት።

"የእናቴንም?"

"የእናትህንም። አርፈህ ተኛ።"

እናቴ፣ ያኔ ልጠይቀው እችል ነበር። ስምህ ማን ነበር ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። ነገር ግን ከጠየቅሁት ላፕቶፑ እጄ ላይ መሞቱ ሊታወቅብኝ ነው፤ የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው ደረበ፣ አጠገባችን ቆሟል። አፈርኩ። ደግሞ ይድናል ብዬ ነበር፤ መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው፣ ይድናል ብዬ ነበር። ሊመሽ ሲል ትኩሳቱ ተመለሰበትና ከእኛ ጋር ማውራቱን ትቶ ያርስ ጀመር። "ተመለስ ዳምጠው! ሰባራው ቀንድህን አዙር፣ ዳምጠው!" ይላል። በማግሥቱ ትራክተሩ ተጠግኖ ስንወስደው መንገድ ላይ አረፈ።

መቃብሩ ተቆፍሮ ቄሱ መጡ። "የክርስትና ስሙን ንገሩኝ" አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ክፈተው እንጂ!" አለኝ ደረበ።

እንደማይነሣ እያወቅሁ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መክፈቻውን ተጫንኩት። መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ። ቄሱ ቆመው ጠበቁ፤ ሬሳውም ጠበቀ። እኔ ቁልፎቹን እቀጠቅጣለሁ፣ ላቤ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ቄሱ "ልጄ፣ ተወው፤ ፈጣሪው ያውቀዋል" አሉኝና "ይህ ባሪያህ" እያሉ ፈቱት። ልጅዎ ስሙ ሳይጠራ ነው አፈር የገባ።

ከዚያ ሸሕዲ ሄድኩ፣ አብዱረሕማን ዘንድ። ጦርነቱን ሸሽቶ ከገዳሪፍ የመጣ፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። ሁለት ቀን ደከመልኝ። ከቴሌቪዥን ጋር አገናኘው፣ ምንም የለም። ሜሞሪውን አውጥቶ በላጲስ አሽቶ መለሰው፣ ምንም የለም። እንደ ቁልፍ ክብ የሆነችውን ትንሽ ባትሪ በአዲስ ለወጠ። መጨረሻ ላይ ቦርዱን ፈትቶ አሳየኝ፤ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይኼ ውኃ ነው። ምን አደረግኸው?"

የጆንያውን ነገር ነገርኩት። አልሳቀብኝም፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

"እሺ ዲስኩን ብቻ አውጣልኝ" አልኩት።

"የዚህ ዲስክ ብቻውን አይወጣም። ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ እሱንም ዝገቱ በልቶታል። ኸላስ፣ አለቀ።" መፍቻውን አስቀመጠና ዓይን ዓይኔን አየኝ። "የስንት ሰው ስም ነበረው?"

"የአንድ ሰው" አልኩት።

ላፕቶፑን አልጣልኩትም። አንዳንዴ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቶቼ ያስታውሱት እንደሆን ብዬ በዚያ በሞተ ኪቦርድ ላይ እተይባለሁ። አያስታውሱም።

ልጅዎን እንዲያውቁት የማስታውሰውን ሁሉ ልጻፍልዎ። ረዘም ያለ ቀጭን ነው። በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ማተቡ አረንጓዴ ነው። ሲያጭድ ያፏጫል፤ ሌላው ሰው ሲያርፍ እሱ የጓደኛውን ነዶ ያስራል። አነጋገሩን አንዱ የበለሳ ነው ይላል፣ አንዱ የላስታ፤ "አባይ በሉኝ" ማለቱ አገሩ አባይ ማዶ ቢሆን ነው የሚልም አለ። በዚህ ነገር ሰዎቹ እስኪጣሉ ተከራክረዋል። እኔ መዝጋቢው ማስታረቅ አልቻልኩም።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ሰባ ጊዜ ገልብጬዋለሁ። አጨዳው እያለቀ ነው፤ ወደ አገሩ የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ አንድ አንድ ይዞ ይሄዳል። በየገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሊያነቡት ምለውልኛል። እናንተ ቆማችሁ የምትሰሙ ሰዎች፣ ነገሩ የእናንተ ካልሆነ አምላካችሁን አመስግኑና ወረቀቱን ወደሚቀጥለው ገበያ አሳልፉልኝ። አርባው ታኅሣሥ ስድስት ነው።

እናቴ፣ ባሕር ዳር ሰው ልከው እያስፈለጉት ከሆነ ይተዉት። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ ምን አፍ አለኝ? ይርገሙኝ፣ እቀበላለሁ። ብቻ እርግማንዎን ሲልኩልኝ ስሙን አብረው ይላኩልኝ። ቄሱ ስሙን ጠርተው እንደገና ሊፈቱት ቃል ሰጥተውኛል። የእንጨት መስቀሉ ላይ "አባይ" ብዬ አልጻፍኩም፤ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

የእኔ ስም እንኳ እንዳይጠፋብዎ ሙሉውን ጽፌዋለሁ፦

አንዱዓለም ፈንቴ፣
የክርስትና ስሜ ወልደ ገብርኤል፣
የጥሩአየሁ ልጅ፣
ሽንፋ።