አልጋችንን ከቦታው ስላስነሡልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጎርፍ መከላከል ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ክረምት ከበጋ ደረቅ የሆነው የቢሮዎ ምንጣፍ እንዴት እንደ ሰነበቱ ለማወቅ እጓጓለሁ። የእኛን ከጠየቁ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበታችን በላይ ደህና ነን።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከድልድዩ በታች ካሉት ቤቶች በሦስተኛው የምኖረው አናጺ ነኝ፤ የጎርፍ መውረጃው ቦይ እንዲከፈት በአራት ዓመት ውስጥ ስድስት ማመልከቻ ያስገባሁልዎ፣ ጸሐፊዎ “የውሃው ሰውዬ” እያሉ የሚጠሩኝ። ጽሕፈት ቤትዎ በቅርቡ “ነዋሪው በፈቃዱ ቤቱን ለቆ በአራተኛ ፎቅ ወደ ተዘጋጀለት መኖሪያ ስለ መዛወሩ” የሚል ቅጽ ልኮልኝ እስከ ወሩ መጨረሻ መልሴን ይጠብቃል። ከመልሴ በፊት የሚገባዎትን ምስጋና በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ፤ እንዲህ ያለ ውለታ በጓዳ አይመሰገንምና።

፩. መንገዱን በአንድ ሜትር ከፍ አስደርገው ስላሠሩልን አመሰግናለሁ። ቀድሞ ዝናቡ ሲበረታ ውሃው መሄጃው ግራ ይገባውና ገሚሱ ወደ ሜዳው፣ ገሚሱ ወደ ወንዙ ይበተን ነበር፤ ዛሬ ግን መንገዱ ስለሚመልሰው ሳይንገላታ በቀጥታ ደጃችን ይደርሳል። በአካባቢያችን ጉዳዩ ያለ ቀጠሮ የሚፈጸምለት እሱ ብቻ ነው።

፪. የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በጽሕፈት ቤትዎ ሰሌዳ ላይ፣ መስታወት ውስጥ ተቆልፎ፣ ባማረ ፊደል ስለሚለጠፍልን አመሰግናለሁ። የመጨረሻው የተለጠፈው ውሃው በመጣ በማግስቱ ነበር፤ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” የሚሉ ምቀኞች ባይጠፉም፣ እኔ ግን ጎርፍ መምጣቱን በሚገባ ሳያረጋግጡ ሕዝብ ማስደንገጥ እንደማይወዱ እረዳለሁ። በጊዜው ቢለጠፍም ባለቤቴ አታነበውም ነበር፤ ዓይኗ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

፫. ይህን ቁጥር ላሳጥረው ብሞክር አልሆነልኝምና ይታገሡኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ቤቱን በእጇና በእግሯ አጠናችው፤ እኔም አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ቁም ሳጥኑን አንድ በአንድ ከጣውላው ወለል ጋር በብሎን አሰርኋቸው፤ እንግዳ መጥቶ ዕቃ ቢያንቀሳቅስ መንገዷ እንዳይጠፋባት። ከአልጋው እስከ ጓዳው ዘጠኝ እርምጃ፣ ከጓዳው እስከ ስፌት መኪናዋ ስድስት። መብራት ሲጠፋ እኔ ስደናበር እሷ ከት ብላ ትስቅና፣ “ና እጅህን ስጠኝ፣ አንተ ዕውር” ትለኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ሲለቁ እኔ ግትር የተባልሁት ለዚህ ነው። ዓይን የሌላትን ሴት ከቤቷ ማስወጣት ዳግመኛ ማሳወር ነው ብዬ አምን ነበር፤ እስከ ባለፈው ወር ድረስ።

ባለፈው ወር፣ ስድስተኛውን ማመልከቻዬን በተመለከተ ሊያነጋግሩኝ በቀጠሩኝ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ደጅ ጠናሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ የስብሰባው አጀንዳ ጎርፍ እንደ ነበረም ጸሐፊዎ በአክብሮት ነግረውኛል። በዚያው ሰዓት ውሃው ቤቴ ገባ። የራሴንም ጥፋት አልደብቅም፤ ብሎኖቼ ለዓመታት እርጥበት ያበሰበሰውን ጣውላ ይዘው ተነቀሉ። ቁም ሳጥኑ ተንሳፍፎ ማጀቱን ዘጋ፣ ጠረጴዛው አልጋው ዘንድ ሄደ፣ ባለቤቴም በገዛ ቤቷ ውስጥ መንገድ ጠፋባት። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊዋ በመስኮት ገብታ ስታገኛት፣ ውሃው ደረቷ ደርሶ፣ “በሩ ወዴት ነው?” እያለች ግድግዳውን ትዳብስ ነበር። በሩ ከእሷ ሁለት እርምጃ ይርቅ ነበር።

ውሃው ሲጎድል ዕቃውን ሁሉ በየቦታው መለስሁት። እሷ ግን ከአልጋዋ ጫፍ አትነሣም። ውሃ መጠጣት ስትፈልግ ትጠራኛለች፤ ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ እግሯን ካነሣች ወር አለፋት። በእርሷ ምክንያት አልለቅም ያልሁት ቤት ለእርሷ ቤት መሆኑ ቀርቷል።

፬. አዲሱን መኖሪያ እንዳይ ስለ ፈቀዱልኝም አመሰግናለሁ። የሸኘኝ ሠራተኛዎ እንደ እብድ ቢያየኝም፣ ዓይኔን በመሐረብ አስሬ ከክፍል ክፍል ተመላለስሁ፣ እርምጃዬን ቆጠርሁ፣ በሜትር ለካሁ። ቤቴ ተመልሼም አልጋችንን በአንድ ክንድ ፈቀቅ አደረግሁት፣ ጠረጴዛውን ወደ ግራ አዞርሁት፤ አዲሱን ቤት በአሮጌው ውስጥ ቀስ በቀስ እንድትለምደው፣ ሳልነግራት። ዕድሜ ልኬን በርና መስኮት ስገጥም የኖርሁ ሰው፣ ሚስቴ አታውቅም ብዬ ማሰቤ ነው የሞኝነቴ ሞኝነት። እውነቱን ለመናገር፣ ልደብቃት ብዬ ሳይሆን የምነግርበት አፍ አጥቼ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻሿን ልትሰቅል ወደ ግድግዳው እጇን ዘረጋች፤ ግድግዳው በለመደችው ቦታ አልነበረም። ጥቂት በአየር ላይ ዳበሰችና እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። “መሄዳችን ነው አይደል?” አለችኝ። ሽበቴን ሳላፍር አለቀስሁ። እሷ ግን ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብድግ ብላ ቆመችና፣ “እንግዲያው በወጉ አሳየኝ። መስኮቱ በየት በኩል ነው?” አለች። የአዲሱ ቤት መስኮት በግራዋ በኩል እንደሚሆን ነገርኋት። ሰባት እርምጃ ሄደች፤ ሁለት ጊዜ ጭኗ ከዕቃ ጋር ተጋጨ፣ አንድ ጊዜ እኔን ሰደበችኝ፣ ደረሰች።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ቅጹን ፈርሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። “በፈቃዱ” የሚለውን ቃል አልሰረዝሁትም፤ የመንግሥትን ቅጽ መሰረዝ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፣ ቃሉም የእርስዎ ነውና ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ዘመንዎ ይርዘም፣ ወንበርዎ ይጽና፣ ስብሰባዎ በፍሬ ይሙላ እያልሁ፣ ጣሪያዎ አንዲት ጠብታ እንዳያስገባ ከልቤ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎና አመስጋኝዎ፣
ከድልድዩ በታች የነበረው አናጺ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለባለቤቴ አነበብሁላት። “ሰውየው ሚስት ይኖረዋል፣ ብታነበው ታዝናለች” ብላ ስድብ ያለባቸውን ሰባት መስመሮች አስወጥታኛለች፤ እርስዎ ያነበቡት ከዚያ የተረፈውን ነው። ሊያመሰግኗት ቢወዱ በራችን ክፍት ነው። ብቻ ከመግባትዎ በፊት ድምፅዎን ያሰሙ፤ ሳያንኳኳ የሚገባ ነገር ከዚያች ቀን ወዲህ ያስደነግጣታል።