ረቡዕ የተደረገው ጉማሬያችን

ለደርብ የጨዋታ ሥራዎች ድርጅት፣
ለታሪክ አጽዳቂ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ አላህ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ምቾት፣ ለማኅተምዎ ደግሞ የማይደርቅ ቀለም እንዲሰጥልኝ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሆኜ እለምናለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሙቀቱን እርስዎ እስካሁን ስላላጸደቁት እየሞቀን ይሁን አይሁን ግን እርግጠኛ አይደለንም።

አሪፋ ሙሀሲን እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት አለኝ። ድርጅትዎ ከውጭ አገር ፈቃድ አምጥቶ በአማርኛ ያሳተመውን «ሰባቱ ወንዞች» የተባለ የካርታ ጨዋታ ከተማችን የለመደው በኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። አባቴና የልብ ወዳጃቸው ጋሼ ንጉሤ አንድ ቀን «እስቲ ይሄ ምንድን ነው» ብለው ተቀመጡ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሡም። አባቴ የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ጋሼ ንጉሤ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ናቸው።

በጨዋታው ውስጥ የአራተኛው ወንዝ ጠባቂ ሮቢ የሚባል ፍጡር እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ። ስሙን ከኛው ከሮቢ ወንዝ ስለወሰዳችሁ ከልብ ኮርተን ነበር። መጀመሪያ በወጣው ካርታ ላይ ሮቢ ጉማሬ ነበር፤ ኋላ ባሳተማችሁት ባለሥዕል መጽሐፍ ዝናብ የሚያዘንብ መንፈስ ሆነ፤ ይህንንም ችለን ኖርን። ከዚያ «ስለ ቀኖናዊ ታሪክ የወጣ መመሪያ» ላካችሁልን። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ቃሉ ራሱ። ጋሼ ንጉሤ የሚያውቁት ቀኖና ንስሐ አባታቸው የሚያዙባቸውን ጾምና ስግደት ስለሆነ፣ «ጉማሬው ሮቢ ቀኖና የለውም» የሚለውን አንብበው ያለ አንድ ስግደት በመታለፉ እንኳን ደስ ያለው ብለውት ነበር። ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ፣ ቀኖናዊ ማለት ባልነበረ ዓለም ውስጥ በእርግጥ የነበረ ነገር ማለት እንደሆነ ላስረዳቸው ስሞክር አፌ ደረቀ። እንዲህ ያለውን ነገር በወር ደመወዝ የሚሠራ ሰው በመኖሩ ሁላችንም ተደነቅን።

ሁለተኛ፣ መመሪያዎ ሮቢ ጉማሬም ዝናብም እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ረቡዕ እንደሆነ ያውጃል። ኦሮምኛ ለመጠየቅ በመድከምዎ እናመሰግናለን፤ ልክ ነዎት፣ ረቡዕ በኦሮምኛ ሮቢ ይባላል። ጉማሬም ሮቢ ይባላል። ዝናብ ደግሞ ሮባ ነው። ከሦስቱ መካከል አንዲቱን መንከስም ማርጠብም የማትችለውን መርጠው ወንዝ ማስጠበቅዎ የሚያስመሰግን ድፍረት ነው። የቀሩትን ስድስት ቀኖች ወንዙን ማን እንደሚጠብቀው ግን እባክዎን ይግለጹልን።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ቀኖናዊ ስላልሆነ ዘልዬዋለሁ።

አራተኛ፣ ሳላገባ ልቀር ነበር። ያሕያ የጎረቤታችን የጀውሃ ከተማ ልጅ ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል፤ እወደዋለሁ፤ ለግልጽ ደብዳቤ ከዚህ በላይ ግልጽ መሆን አልችልም። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ሲልኩ አባቴ በዕድሜያቸው እንቢ ብለዋቸው የማያውቁትን ጋሼ ንጉሤን ከፊት አስቀደሙ። ለካ መመሪያዎ ቀድሟቸው ደርሶ ሁለቱን ወዳጆች አኳርፏቸው ኖሯል። አባቴ ሮቢ ወንዝ ዳር ያደጉ ሰው ስለሆኑ ጉማሬ ነው ብለው ሞተው ይገኛሉ፤ ጋሼ ንጉሤ ደግሞ ዕድሜያቸውን ተራ ሲያስከብሩ የኖሩ በመሆናቸው ማኅተም ያለበትን ወረቀት መካድ አይሆንላቸውም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ገና «ልጅዎን ለልጃችን» ከማለታቸው፣ አባቴ መጀመሪያ ሮቢ ምን እንደሆነ ይነገረኝ አሉ። ጋሼ ንጉሤ አንገታቸውን ቀና አድርገው በመመሪያው መሠረት ረቡዕ ነው ሲሉ፣ አባቴም እንግዲያውስ ረቡዕ ተመለሱ ብለው ሸኟቸው። ረቡዕ ተመለሱ። አባቴ ይህ ረቡዕ ቀኖናዊ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። አልነበራቸውም። እኔ ጓዳ ሆኜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ እርስዎንና መላ ክፍልዎን በስም ባላውቃችሁም አንድ በአንድ ረገምኳችሁ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ከላይ ከጣርማ በር ተራራ የጀመረው ዝናብ አብሯቸው ወረደ። ጋሼ ንጉሤ በራችን ላይ ሲደርሱ አዳልጧቸው፣ ከነነጭ ጋቢያቸው ጎርፉ የሞላው ቦይ ውስጥ ገቡ። ከወገባቸው በታች ውኃ፣ ከወገባቸው በላይ ጭቃ ሆነው፣ በአፍንጫቸው እያጉረፈረፉ ብቅ አሉ። በረንዳ ላይ የነበሩት አባቴ ምን እንዳዩ ያውቃሉ? ረቡዕ ነው፤ ዝናብ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ያለው ደግሞ ያለ ጥርጥር ጉማሬ ነው። «ወላሂ ሮቢ መጣ!» ብለው ባዶ እግራቸውን ሮጡ። ጋሼ ንጉሤ ከነኩራታቸው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ እሺ ጉማሬ ነው፣ መጀመሪያ አውጣኝ አሉ። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ሲስቧቸው ራሳቸውም ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያው ተቃቅፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እኔም የተዳርኩት እዚያ ቦይ ውስጥ ነው፤ አባቴ እሺታቸውን የሰጡት ከጭቃው ሳይወጡ ነበርና።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሦስቱም ሮቢ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦይ፣ በአንድ ተራ አስከባሪ ላይ መረጋገጣቸውን በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ። ሁለት ወዳጆችን አጣልተው ለማስታረቅ ስለሰጡን ዕድል ምስጋናዬ ወደር የለውም፤ ወደፊትም ምንም እንዳያጸድቁልን በእጅጉ እንማጸናለን።

ማኅተም የሌላት፣ ግን የፓፓያ ጁሷ በሁሉም ቀኖች የሚታመን፣
የዘወትር አክባሪዎ
አሪፋ ሙሀሲን
ሸዋ ሮቢት

ማሳሰቢያ፦ ኒካሁ የሚታሰረው ረቡዕ ነው። መመሪያዎን ላለመጣስ ስንል ግን በመጥሪያው ወረቀት ላይ ቀኑን «ጉማሬ» ብለን አሳትመነዋል፤ እርስዎም ተጠርተዋልና በዕለተ ጉማሬ እንዳይቀሩብን።