በክር የለካሁት ራስ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

መብራት ጠፋና ፕላዝማው ዝም አለ። ደስ አለኝ። ያ የቴሌቪዥን አስተማሪ በእንግሊዝኛ እየሮጠ እኔን በር ጠባቂ ካደረገኝ ቆይቷል። የዕለቱ ትምህርት ስለ አንጎል ነበር። ከልኳንዳ የበሬና የበግ ጭንቅላት አስፈልጬ፣ የዶሮም ጨምሬ፣ ሦስቱን አንጎል ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ዘጠነኛ "ሐ" እንዲያ ፀጥ ብሎ አያውቅም። አንጎሉ የተለቀ ይበልጥ ያውቃል አልኳቸው።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ሞቅ አለኝና እናንተም ራሳችሁን በክር ተለካኩ ብዬ ውጤቱን ከነስማቸው ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። መጨረሻ የወጣችው አትጠገብ ናት፣ ከቡሬ በኩል ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማረው። ሳቁባት። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12

አትጠገብ ትናንትም ዛሬም የለችም። አብራት የምትኖረውን ልጅ ጠየቅሁ። "ለእኔ ጭንቅላት ይኼ ይበቃል" ብላ ልብሷን ጠቅልላ አገሯ ገብታለች። የከፋው ደግሞ ለጋብቻ ሽማግሌ የላከ ቤተሰብ አለ፤ አባቷ ትማር እያሉ ሲመልሷቸው ነበር።

ከሰዓት የኮሌጅ ደብተሬን አገላበጥኩ።
- የዝሆን አንጎል ከእኛ ይበልጣል። የዓሣ ነባሪም።
- የበሬ ከውሻ ይበልጣል። ታዲያ ቤት የሚጠብቀው ማን ነው?
- ከሰውነት ክብደት ጋር ይነጻጸር ቢባል አይጥ ከእኛ እኩል ልትቆም ነው።
- የሰው ራስ ዙሪያ ስለ ሰውየው ዕውቀት የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ረስቼው አይደለም። ሲስቁልኝ ስለወደድኩት ነው። አፈርኩ።

ቅዳሜ

እስከ መንገዱ መገንጠያ በሚኒባስ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር። አባቷ አያ ስመኘው ቀፎ ሲያጥኑ ደረስኩ። ጠላ ቀረበልኝ። አትጠገብ ከጓዳ አልወጣችም። ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ዝሆኑንም በሬውንም አስረዳሁ። ሳያቋርጡ ሰሙኝና የንብ አንጎል ስንት እንደሚያህል ጠየቁኝ። ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጥም አልኳቸው። ወደ ቀፏቸው አዩ።

የጋብቻ ሽማግሌዎቹ ነገ ከቅዳሴ በኋላ መልስ እንደሚጠብቁ ነገሩኝ።

"እኔስ አምኜዎታለሁ፣ መምህር" አሉ። "አገሩ ግን 'መምህሩ ለክቶ ጣላት' ሲል ሰንብቷል። በሰው ፊት ያሉትን በሰው ፊት ያንሱልኝ።"

ነገ ሰንበቴው ላይ ሕዝቡ ፊት ቆሜ እንድናገር ነው የፈለጉት። እዚሁ ላድር ነው።

እሁድ

ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ አያ ስመኘው እንግዳው የሚናገሩት አላቸው አሉ። ለመነሳት ፈራሁ። በየቀኑ ስድሳ ልጅ ፊት የምቆም ሰው ነኝ እኮ።

"የአትጠገብን ራስ ለክቼ ያዋረድኳት እኔ ነኝ" አልኩ። "ክር ቆብ ለሚሰፋ ነው የሚሆነው፤ ዕውቀት አይለካበትም። ልጅቱ ትችላለች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የጋብቻ ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጡ። አያ ስመኘው ጥግ ወስደው አነጋገሯቸው። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም። መኪና እንዳያመልጠኝ ወጣሁ።

ሰኞ

መጣች!

ፕላዝማው እስኪጀምር ያለችኝ አምስት ደቂቃ ናት። በዚያች ጊዜ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ማንም አልሳቀም። አትጠገብ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አጥብቃ ተከናንባለች። ክፍል ውስጥ መከናነብ አይፈቀድም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አውርጂ እላት ነበር። ዛሬ አላልኩም። መቼ እንደምታወርደው እንጃ።