ጓሮው ላይ ስለፈሰሰው ሲሚንቶ

አብዲዬ፣

ከተለየኸኝ አንድ ረመዳን አልፎ ሌላው ሊገባ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ለሟች ባሏ ስትጽፍ «ናፈቅከኝ» ብላ ትጀምር ነበር። ናፍቀኸኛል፤ ግን ከናፍቆቱ ንዴቱ ይበልጣል። እንደ ወጉ ልጽፍልህ ብዬ ስንቴ ተቀምጬ ተነሣሁ፣ አልሆነልኝም። አሁን ተናድጄ ነው የምጽፈው። እንደ ድሮህ «እሺ ዘሃራ» ብለህ አታልፈኝም።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ሂክማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ገብታለች። ቧንቧው እንደተውከው ነው፣ ሲያሰኘው ይመጣል። እናትህ አሁን ከእኛ ጋር ናቸው። አዎ፣ እናትህ! ከዚያ ብርድ አገራቸው ወርደው እዚህ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር አብረውኝ ይኖራሉ። እንዴት እንደመጡ ነው የምነግርህ።

በተጋባን ዓመት ከቁልቢ በላይ ወዳለው አገርህ ይዘኸኝ ስትወጣ ትዝ ይልሃል? እኔ የድሬ ልጅ፣ ብርድ ማለት ጥር ላይ ሻሽ ደረብ ማድረግ የሚመስለኝ፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ሳየው ጨው የፈሰሰበት መስሎኝ ነበር። እናትህ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የጎመን ችግኛቸውን በአሮጌ ጆንያ ይሸፍናሉ፤ ቀን ፀሐይ የጠጣ ድንጋይ ዙሪያውን ይደረድራሉ። ነጭ ሽንኩርቱንና ጤና አዳሙን ነፋስ በማይደርስበት በግድግዳው ጥግ ተክለዋል። የምድጃ አመድ እንኳ አይጣልም። ለዚያ ጓሮ ብለው ገበያ ወርደው የገዙት ነገር አልነበረም፤ ዘሩንም ከራሱ ከጎመኑ ነው የሚያስቀሩት።

ያንን ሁሉ ድሬ አመጣኸው። ጆንያውን ለውርጭ ሳይሆን ለፀሐይ ዘረጋኸው፤ ስቄብህ ነበር። ከታይዋን ገበያ የተጣለ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ለቅመህ ችግኝ አፈላህበት። ለሶላት የታጠብንበት የውዱእ ውሃ በሳፋ ተጠራቅሞ ቆስጣና ቃሪያ ሆነ። ናናውን ከደጃፌ ቆርጬ ሻይ ላይ ስጥል ጎረቤቱ ይቀናብኝ ነበር። ያ ጓሮ አብልቶናል፤ ለሁለታችንም ጥፍር ውስጥ አፈር አይጠፋም ነበር።

እዚያው ጓሮ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ውሃ እያጠጣህ ወደቅክ። ስደርስ እጅህ ገና እርጥብ ነበር። ትንፋሽህ ግን አልነበረም።

ዒዳ ላይ ተቀምጬ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት በማትወጣባቸው ወራት፣ ታላቅ ወንድምህ ሙሳ ግንበኞች ይዞ መጣ። ጓሮው ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ነው። በመስኮት ጮህኩበት።

«አብዲ ራሱ ፈቅዶልኛል» አለኝ። «በሕይወቱ እያለ ጨርሰናል። አልነገረሽም እንዴ?»

አልነገርከኝም። በግንበኞች ፊት፣ ባሏ ምን እንደተስማማ የማታውቅ ሴት ሆኜ ቀረሁ። ቆስጣውን በአካፋ ገለበጡት። ናናው ላይ ሲሚንቶ አፈሰሱበት፤ የተረገጠው ናና ሽታ ቤት ድረስ ገባ። ሽማግሌዎች ቢመጡም «ሟች ቃል ከሰጠማ…» እያሉ መሬት መሬት አዩ።

ዒዳዬን እንደጨረስኩ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወጣሁ። እናትህ ዘንድ የሄድኩት ለመክሰስ ነው፤ ሙሳን፣ አንተንም ጭምር። ስደርስ ጆንያቸውን ይዘው ችግኝ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና የጆንያውን አንድ ጫፍ አቀበሉኝ፤ አብረን ዘረጋን። የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ለሙሳ እሺ ብሎት ይሆናል። እምቢ ማለት መቼ ያውቃል? ደረቱን እንደሚወጋውም ነግሮኝ ነበር። ‹ለዘሃራ እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች› አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።» ይህን ብለው አለቀሱ።

አብዲ፣ እዚያ ብርድ ላይ ቆሜ ነደድኩ። ለእናትህ ነግረህ ከእኔ ደበቅክ! ሐኪም ቤቱ በባጃጅ ስንት ሆነና? እየጎተትኩም ቢሆን እወስድህ ነበር። ትደነግጣለች አልክ? አሁንስ አልደነገጥኩም? ለወንድምህ እሺ አልክ፣ ለሞትም እሺ አልክ። አጠገብህ ለምትተኛው ለእኔ አንድ ቃል ጠፋህ።

በማግስቱ እናትህ ጓሯቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው አብረውኝ ወረዱ። ሙሳን አስጠሩና ግድግዳ ገና ያልቆመበት ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አሉ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ እድሜ።

«እማ፣ አብዲ እኮ ፈቅዶልኛል» አለ ሙሳ።

«ልጄ ቃል ሰጥቶህ ከሆነ፣ እኔ እናቱ ቃሉን መልሼ ወስጄዋለሁ። አፍርሰው። እስክታፈርሰው ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

ሙሳ ተቆጥቶ ወጣ። እሳቸው የዙህርንም የአስርንም ሶላት እዚያው ሰገዱ። ጥላ ላድርግልዎ ብል እጄን መለሱት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሙሳ መዶሻ ይዞ ተመለሰ። ሲሚንቶውን ሰበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ሰላምታ የለንም፤ እኔም አልፈለግኩትም።

አፈሩ እንደ ጡብ ደርቆ ነበር። ከሐርላ የፍየል ፍግ አስመጣን፣ ቆፈርን፣ እጃችን ተላጠ። አሁን ቆስጣው ይበላል፤ ቃሪያው አብቧል። ናናው ግን ከነሥሩ ሞተ፤ ሌላ ተከልኩ፣ እንደ ድሮው አይሸትም። እናትህ በሙቀቱ እያላባቸው አረም ሲነቅሉ በኦሮሚፋ ይሰድቡሃል። እኔ በአማርኛ እጨምርበታለሁ። ከዚያ ሁለታችንም እናለቅሳለን፣ ከዚያ ወደ አረሙ እንመለሳለን።

አልረሳህም፣ አብዲዬ። በየሱብሒው ስምህን ጠርቼ አላህ እንዲምርህ እለምነዋለሁ። እሱ ይማርህ። እኔ ግን ገና ነኝ።

ሚስትህ ዘሃራ