የአለቃዬ ኢሜል

ጥቅምት 4
ዛሬም "የቢሮው ኢሜል አልከፈት አለኝ" አለ አለቃዬ። መቼ ሞክሮት! የሠራተኛው ጉዳይ ሁሉ የሚገባው በግል አድራሻው ነው፤ የእረፍት ጥያቄ፣ የሕክምና ወረቀት… እሱም እቤቱ ታብሌት ላይ ተከፍቶ ይውላል፤ ሚስት ታያለች፣ ልጆች ያያሉ። እኔ ደግሞ ሰው ኃይል መሆኔ አንሶ "የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ" የሚባል ተደርቦብኛል። ምኑን ነው የምጠብቀው?

ጥቅምት 11
ጉድ ፈላ። የጭነት መኪኖቻችንን የምታሰማራዋን ልጅ መጸዳጃ ቤት ስታለቅስ አገኘኋት። የአለቃዬ ሚስት ገበያ መሃል አቅፋ፣ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ማህፀንሽ ቢወጣም የማደጎ ልጅ ማሳደግ አለ" አለቻት። አጠገቧ ማን ቆሟል? አማቷ! ከባሏ በቀር ማንም የማያውቀውን…
"በምን ፊቴ እቤት ልግባ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ጥቅምት 13
ጻፈች። "ስለ እኔ የያዛችሁትን ሁሉ፣ ማን እንዳየው ጭምር አሳውቁኝ።" ጎሽ! መብቷ ነው። አለቃዬ ጋ ገባሁ።
"ፈልገን ምንም አላገኘንም በያት።"
"የእርስዎም ኢሜል ይፈተሻል፣ ጋሼ።"
"የኔማ የግል ነው!"
"የቢሮ ሥራ ተሠርቶበታላ! ወረቀቷን ለኔ ያስተላለፉልኝ ከዚያው ነው እኮ።"
"ሥራሽ ሰለቸሽ እንዴ?"
ነገ "ምንም አልተገኘም" ብዬ ፈርሜ እንዳመጣ አዘዘኝ። ቢያባርረኝስ? ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?

ጥቅምት 14
አልፈረምኩም። እውነቱን ጻፍኩላት፤ የት እንደነበረ፣ ማን እንዳየው። ላክሁትም።

ኅዳር 2
ጠረጴዛዬ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ጎረቤቶቼ ጎማና የሞተር ዘይት ናቸው፤ ወሬ እንኳን አያወጡም። ልጅቷ ሥራ ለቀቀች። ባሏ አልከዳትም፤ አብረው ከአማቷ ቤት ወጥተዋል። አለቃዬ ግን ወንበሩ ላይ አለ፤ ሰላምታም ነሥቶኛል።

ኅዳር 20
ዛሬ ግምጃ ቤት ድረስ መጣ! በሩን ዘጋ።
"እኅቴ…" መቼ ነው እኅቱ የሆንኩት? "የምርመራ ውጤት ይላክልኛል። በቢሮው ኢሜል ብቀበለውስ? እቤት እንዳይታይ…"
"የቢሮው ለግል ጉዳይ አይውልም፣ ጋሼ።"
ላብ አጠመቀው። ፈርቷል ሰውዬው፣ የእውነት ፈርቷል። ልቤ አልጨክን አለኝ… እሱ ብቻ የሚያውቀው አዲስ አድራሻ ከፈትኩለት። የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ፊቴን አዞርኩ። ምን እንዳመመውም አልጠየቅኩም።
"አደራሽን፣ ማንም እንዳይሰማ" አለኝ።
"እሷም የሕክምና ወረቀቷን ስትልክልዎ ከሥሩ 'አደራዎን' ብላ ነበር" አልኩት።