«አልስማማም» ብለው የታሰሩት አቶ በየነ ተሰማ

አቶ በየነ ተሰማ ከአባታቸው ከአቶ ተሰማ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታገኝ በዳዳ ሐምሌ 12 ቀን 1950 ዓ.ም. አሰላ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በትውልድ ከተማቸው የጂኦግራፊ መምህር ሆኑ።

በ1977 ዓ.ም. በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ የአቋም መግለጫ በሙሉ ድምፅ ይጽደቅ ሲባል፣ እሳቸው ብቻ ተነስተው «እኔ አልስማማም» አሉ። በዚህች አንዲት ቃል አምስት ዓመት ታሰሩ። እናታቸው ስንቅ ሲያመላልሱ ቆይተው የልጃቸውን መፈታት ሳያዩ አረፉ። አቶ በየነ ይህ በተነሳ ቁጥር «መንግሥት የሚቃወመውን ሰው ካልቻለ ምኑን አገር መራ?» ይሉ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. በኬንያ በኩል ቶሮንቶ ገብተው ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ኖሩ፤ ሃያ አራት ዓመትም በሆስፒታል ጽዳት ሠሩ። በ1988 ዓ.ም. ከወይዘሮ ይመኙሻል ጋር ጋብቻ ፈጽመው ኤፍራታንና ፍጹምን አፈሩ። ታናሽ ወንድማቸውን ተክሉን ስፖንሰር አድርገው አምጥተው እሳቸው በሚኖሩበት ሕንፃ አስገቡት፤ እሳቸው ዘጠነኛ ፎቅ፣ እሱ አሥራ ሁለተኛ። የሰፈሩን እድር መሥርተው በሰብሳቢነት የመሩትም እሳቸው ናቸው።

አገር ቤት ጦርነት ሲነሳ እድሩ የድጋፍ መግለጫ ያውጣ ተባለ። ተክሉ ተነስቶ «እድር ለለቅሶ ነው፤ እኔ አልስማማም» አለ። ጉድ እኮ ነው! «እንዲህ ያለ ሰው ከእድራችን ይሰረዝ» ብለው መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አቶ በየነ ነበሩ። ተክሉ ተሰረዘ። አራት ዓመት ሙሉ ወንድማማቾቹ ሊፍት ውስጥ ሲገጣጠሙ እንኳ ሰላምታ አልተለዋወጡም።

አምና የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ባለፈው መስከረም ልጃቸው ኤፍራታ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ «አባዬ፣ እነዚያ አንተን ማሰራቸውና አንተ ጋሼ ተክሉን ማስወጣትህ በምን ይለያል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። ሰንብተው አንድ ሐሙስ ቀን የእድሩን ጸሐፊ አስጠርተው ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ አስጻፉ፦ «የተደረገብኝን በወንድሜ ላይ አደረግሁት። አጥፍቻለሁ። ይመለስ።»

ጸሐፊው አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ለተክሉ አነበበለት። ተክሉም ግትርነቱ የቤተሰብ ነውና «ነገ እወርዳለሁ» አለ። አቶ በየነ በማግስቱ፣ ዓርብ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ተክሉ ሲወርድ በሩ ላይ ጫማ ተደርድሮ አገኘ።

አቶ በየነ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ከእናታቸው ጋር ያላገናኛቸው አምላክ ዛሬ በደጁ ያገናኛቸው፤ የሚያዝኑትንም ያበርታ።

ይህን የጻፍኩትም የማነበውም እኔ ተክሉ ነኝ። ጋሼ፣ መልእክትዎ ደርሶኛል። ሦስት ፎቅ መውረድ አቅቶኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።