ከፌስታል የወጣ አረቄ

የካቲት ፲ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.። የጠዋቱ ሂሳብ፦ የተለቀመ ፌስታል ሦስት ጆንያ፤ የወጣ ዘይት ምንም፤ ሳይፈጭ የተመለሰ ገብስ የሰባት አህያ ጭነት።

ለተከበሩ የወረዳችን የንግድ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና ለማኅተምዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት አቀርባለሁ። እኛ ከቀየት ከተማ ወጣ ብለን የምንኖር ሰዎች ወፍጯችን ዝም ከማለቱ በቀር ደህና ነን።

እኔ እንደሚያውቁት በግ ነጋዴ ነኝ። ገዝቼ ያረድኳቸውን በጎች ሆዳቸው በፌስታል ታጭቆ ባገኘሁ ጊዜ፣ ይህን ፌስታል ምን ላድርገው ብዬ ከብየዳ ሠራተኛው ከአስፋው ጋር መከርኩ፤ እሱም አየር የማያስገባ በርሜል ሠራልኝ። ፌስታሉ ከውስጥ፣ እሳቱ ከታች ስለሚሆን ሳይነድ ይቀልጥና ይተናል። እንፋሎቱ፣ የተማሩት ካታሊስት በሚሉት፣ እኔ ግን ከሸክላ ሠሪዎች በምገዛው የተጠበሰ ጭቃ መሐል ሲያልፍ ይቀጥናል፤ ከዚያም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ አልፎ ዘይት ሆኖ ይንጠባጠባል። በማቀዝቀዙ ሥራ የመንዝ ብርድ በነጻ አገልግሎናል፤ ፈቃድ አምጡም አላለንም። ናፍጣ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ቆሞ ይከርም የነበረው የቀበሌያችን ብቸኛ ወፍጮ፣ በዚህ ዘይት ከመስቀል እስከ ጥምቀት ሳያርፍ ፈጨ።

ጥፋቴ ሥራውን ሕጋዊ ላድርገው ማለቴ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ከፌስታል ዘይት ማውጣት የሚባል ሥራ በመዝገብዎ ባይኖርም ባዶ እጄን እንዳልመለስ አዝነውልኝ፣ በርሜል፣ እሳትና ቱቦ ያለበትን ሥራ ፈልገው፣ «አረቄ አውጪ» የሚል ፈቃድ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የንስሐ አባቴ ፈቃዱን ከግድግዳዬ ላይ ካነበቡ ወዲህ ጠበሉን በእጥፍ ይረጩኛል።

፪ኛ፦ ወር ሳይሞላ የጤና ባለሙያ ልከው አረቄዬን ስላስመረመሩልኝ አመሰግናለሁ። ባለሙያው አሽትተው «ላምባ ላምባ ይላል፤ ለሰው መጠጥ አይሆንም» በማለት በርሜሉን አሽገዋል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አልጠጣውም። ስለ እሳቱና ስለ ጭሱ ቢጠይቁኝ ምክራቸውን በወደድኩት ነበር፤ የጠየቁኝ ግን ብቅሉን የት እንደማስቀምጥ ነው።

፫ኛ፦ አቤቱታዬን ለማየት፣ አንድ ጊዜ በካይዘን ሥልጠና፣ ሌላ ጊዜ በግምገማ ምክንያት ሲቀጠር የከረመው ኮሚቴ በመጨረሻ ተሰብስቦ፣ «በፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ምርት ብቻ ለማምረት ከተስማማ እሽጉ ይነሣለት» ሲል በመልካም አስተዳደር መንፈስ ስለወሰነልኝ አመሰግናለሁ። እኔም ሕግ አክባሪ እንደ መሆኔ ተስማምቼ ፈርሜያለሁ።

፬ኛው ምስጋና የእኔ ሳይሆን የእማማ ጌታነሽ ነው። ሁዳዴ ሳይገባ ላስፈጭ ብለው ያመጡትን ገብስ መልሰው አህያው ላይ ሲጭኑ፣ «ጥርስ ያለው ቆሎ ይቆርጥማል፤ እኔ ድዴን ይዤ ምን ልሁን ትላለች ብለህ ጻፍልኝ» ብለውኛል። እስከ ቀየት ወፍጮ ድረስ ለእሳቸው ጉልበት የቀን መንገድ ነው። መልስ ለመስጠት ኮሚቴ ማቋቋም ካስፈለገ፣ እማማ ዕድሜያቸው የገፋ መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

በሕዝብ አገልጋይነትዎ ሳይደክሙ ለረጅም ዘመን በዚያው ወንበር እንዲቀመጡ፣ ከዚያም ብዙ እንዳይነሡ እየተመኘሁ፣

የውሳኔዎ አክባሪ፣ የማኅተምዎ አድናቂ፣ ማንም ያልቀመሰው አረቄ ባለፈቃድ፣
ጫኔ ወልደ ጻድቅ

ማስታወሻ፦ በርሜሉ ሲታሸግ ለምርመራ ተብሎ የተወሰደው አንድ ጀሪካን ዘይት በደህና መድረሱን አውቄያለሁ። ኮሚቴው ሲወስን መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ በቢሮዎ ጓሮ ያጓራ የነበረው ጄኔሬተር ምን ጠጥቶ እንደዋለ በአጥሩ ሥር ሳልፍ አሽትቼ ለይቻለሁ። ለሰው ባይሆንም ለስብሰባ መሆኑ አስደስቶኛል።

የነገ ሥራ፦ ሳይፈጭ የተመለሰውን ገብስ ለብቅል መግዛት፤ ከሞላሌ ጌሾ ማምጣት።